በራሱ እስክሪብቶ የሰረዘው አንቀጽ

በመጨረሻው ጠዋት የጫማውን ክር አሰርኩለት። ጎንበስ ሲል ትንፋሹ ስለሚቆረጥ ይህ የእኔ ሥራ ከሆነ ቆይቷል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋልኝ።

«አጥብቂው እንጂ፣ ሴትዮ! እንደ ሕፃን የጫማዬን ክር እየጎተትኩ ልዙር?»

አጠበቅሁት። ከዚያ ገላን ኮንዶሚኒየም ከምንኖርበት አራተኛ ፎቅ በየወለሉ እያረፈ ወረደ። ከምሳ በፊት ፋብሪካው ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ።

ባሌ አቃቂ ካሉት የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በአንዱ የመጋዘን ኃላፊ ነበር። ስንጋባ ቀጭን ነበር። መወፈር ሲጀምር ደስ አለኝ። ዘመዶቹ «ሚስቱ ይዛዋለች» ሲሉ ምስጋናው የእኔ ነበርና፣ በቃኝ ሲል ጉርሻ እጨምርለት ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ሐኪሙ «እንዲህ ከቀጠለ ልቡ አይችለውም» ያለን ዘግይቶ ነው። ምግብ መቀነሱንም የእግር ጉዞውንም ሞከረ፤ ጥቂት ይቀንስና መልሶ ይጨምራል። «ሆዳምነት አይደለም፣ ሕመም ነው» አለን ሐኪሙ። ረጅም ክትትልና መድኃኒት፣ ምናልባትም የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው ነበር። በእሱ ደመወዝና በእኔ የአስተማሪ ደመወዝ የሚታሰብ አልነበረም። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ የሕክምና መድን ስለገባ፣ የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ወደ መድን ድርጅቱ ሄድኩ።

መስኮቱ ጋ የነበረችው ልጅ ዝርዝሩን በጣቷ ተከትላ ጨረሰች።

«እህቴ፣ ውፍረት እዚህ የለም። ለመልክ ከሚደረግ ሕክምና ጋር ነው የሚቆጠረው። ስኳር ወይም ልብ ቢሆን ኖሮ እንከፍል ነበር።»

«ታዲያ ልቡ እስኪታመም ልጠብቅ?»

ዝርዝሩን ገልብጣ አየችና «አሠሪው በውሉ ውስጥ ይግባልን ካለና ተጨማሪውን ከከፈለ እንሸፍናለን» አለችኝ።

ያን ቀን ወደ ቤት የተመለስኩት በተስፋ ነው። የፋብሪካው ሠራተኛ ማኅበር በዚያው ሰሞን ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነቱን ሊያድስ ነበር፤ ከተደራዳሪዎቹም አንዱ ባሌ ነው። የውፍረት ሕክምና በመድኑ ይካተት የሚል አንቀጽ በእጄ ጽፌ ሰጠሁት። «አነሳዋለሁ» አለኝ።

ድርድሩ ያለቀ ዕለት ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁት።

«አልሆነም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አሠሪውን ረገምኩ። እስኪሞት ድረስ ባሉት ወራት ሁሉ ስረግም ኖርኩ።

እውነቱን የሰማሁት በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ነው። ብረት ከሚያቀልጡት ሠራተኞች ወገን የሆነ አንድ ተደራዳሪ ከድንኳኑ ውጭ ጠራኝ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። የቀለድኩት እኔ ነኝ።»

ለድርድሩ ሲዘጋጁ የእኔ አንቀጽ ተነቧል። ይህ ሰው «ጋሼ፣ እኛ ሆዳችን ሳይሞላ ያንተን ቦርጭ አጉድሉልን ብለን ልንለምን ነው?» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ ባሌም ሳቀ። ከዚያ እስክሪብቶውን አውጥቶ አንቀጹን ሰረዘና በቦታው ለብረት አቅላጮቹ ለጭሱ ማርከሻ የሚሰጠው ወተት ይጨመር ብሎ ጻፈ። አሠሪው ወተቱን ያለ ብዙ ክርክር ፈቀደ።

«ማፈሩን አላወቅንም» አለ ሰውየው። «ከሁላችንም በላይ የሳቀው እሱ ነበር።»

እኔ ብሆን አውቅ ነበር። የታክሲ ረዳት በሰው ፊት «ፋዘር፣ የሁለት ሰው ይክፈሉ!» ሲለውም እንዲሁ ነበር የሚስቀው። ቤት ሲገባ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛ ነበር።

ቀብሩን ፋብሪካው ቻለ። ሳጥኑም፣ ለቀስተኛ ያመላለሰው አውቶብስም በስምምነቱ ውስጥ ስለነበሩ ማንም ወረቀት አምጪ አላለኝም። ለሕክምናው ቢጠየቅ እሺ ይል ነበር ወይስ እምቢ፣ አላውቅም። ስረግመው የነበረው አሠሪ አልተጠየቀም።

ሰውየውን ይቅር ብዬዋለሁ። ባሌን ገና አልቻልኩም፤ ራሴንም እንዲሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ከሰዓት ወደ ቤት እመለስና ምሳዬን ብቻዬን እበላለሁ።