ልንጠይቅ የሄድንበት ቤት

ባለፈው ሳምንት ሳን ሆሴ ውስጥ አንድ የድሮ የእርሻ ቤት መስኮት ልጠግን ተጠርቼ፣ ገና በሩን ስከፍት የሰምና የአሮጌ እንጨት ሽታ ተቀበለኝና መሣሪያዬን እንደያዝኩ ደፉ ላይ ቆምኩ። አድራሻው በስልክ ሲላክልኝ አላወቅሁትም ነበር፤ አፍንጫዬ ግን አወቀው። የሳሎኑ መስኮት ወደ ላይ የሚሳበው ዓይነት ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ገመድ ግድግዳው ውስጥ ተበጥሷል፤ ወደ ገመዱ ለመድረስ ከመስኮቱ ሥር ያለውን የሣጥን መቀመጫ ክዳን ማንሳት ነበረብኝ። ሣጥኑ ውስጥ አቧራ የጠጡ የእንግዳ መዝገቦች ተደርድረዋል። ዓመቱን አሰላሁና ሦስተኛውን አወጣሁ። ወዲያው ግን አልከፈትኩትም፤ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት አጠገብ፣ አንድ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር፤ እናቴ የማታ ሺፍት ስለምትሠራ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምውለው ፊት ለፊታችን ካሉት ከእትዬ ዘውዴ ዘንድ ነው። እትዬ ዘውዴ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበሩ፤ እኔ «እርስዎ» ማለት ስለማይሆንልኝ «አንቺ» ስላቸው ቤተ ክርስቲያን የሚሰማን ሁሉ ይሳቀቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ይስቁ ነበር።

ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሽ መኮንን የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በቫናቸው ጭነው የድሮ ቤተ ክርስቲያናትን ያሳዩ ነበር። ጋሽ መኮንን ዕድሜ ልካቸውን ሰው ወደ ኤርፖርት ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ቫኗን ማሰናበት ያልቻሉ ሰው ናቸው። «ፍሪዌዩን ብቻ አይተን ልንሞት ነው?» ይሉ ነበር። ሲደርሱ ግን እሳቸው ራሳቸው አይወርዱም፤ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ለጥጠው ይተኛሉ፤ ማስተርጎሙ የእኔ ነው። ሳንታ ክላራ ያለውን የጥንት የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ያየን ዕለት ሁሉም ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው፣ መቃኑን ተሳልመው ገቡ፤ አሥራ አንድ ጥንድ ጫማ በሰልፍ ቀረ። ጥበቃው መጥቶ ወለሉ ረጥቦ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም ከማፈሬ የተነሣ፣ አዎ፣ ረጥቧል አልኩት።

በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም መካከል፣ ተራው የዚህ የእርሻ ቤት ሆነ። ማንም የማይኖርበት፣ ለጎብኚ የተከፈተ ሙዚየም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ያልሆነ ቦታ ስንሄድ የመጀመሪያችን ነበር። የእንግሊዝኛው በራሪ ወረቀት ለእትዬ ዘውዴ እንድተረጉምላቸው ተሰጠኝ፤ እኔ ደግሞ «መጎብኘት» የሚለውን ቃል አላውቀውም። የማውቀው መጠየቅን ነው፤ የታመመ ይጠየቃል፣ የወለደች ትጠየቃለች።

«ቅዳሜ አንድ ትልቅ የድሮ ቤት ልንጠይቅ ነው» አልኳቸው።

«የእነማንን ቤት?»

የቤተሰቡን ስም ከወረቀቱ አነበብኩ።

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አልኩ፤ እንዲህ ሲባል የሚመለሰው ይኸው እንደሆነ ስለማውቅ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዘውዴ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ታቅፈው ወረዱ። ከቻይና ሰፈር በተገዛ የሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ሌሊቱን የተጋገረ፣ ጥቁር አዝሙዱ የሚታይ፣ ገና ትኩስ ዳቦ ነበር፤ ቫኗ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆሴ ሽታውን እንደታቀፈች ሄደች።

«እትዬ ዘውዴ፣ ፍሪሞንት ሳንደርስ ትንሽ ያስቀምሱን እንጂ» አሉ ጋሽ መኮንን በመስታወቱ እያዩ። «ፈረንጅ እንደሆነ ዳቦ አይቸግረው።»

«አንተ አፍህን ሰብስብና መንገድህን እይ። የሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም።»

በረንዳው ላይ የተቀበለችን አስጎብኚ ሹራብ የለበሰች፣ ፀጉሯ የነጣ ሴትዮ ናት። በእንግሊዝኛ እንዲህ አለች፤ አንድም ቃል አልረሳሁም፦ ይህ የአያቴ ቤት ነው፣ እኔም የተወለድኩት ፎቅ ላይ ነው፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። ከኋላችን ሌሎች ጎብኚዎች፣ ከመካከላቸውም ሁለት የእኔ እኩያ የሚሆኑ ልጆች ቆመው የእትዬ ዘውዴን ነጠላና የታቀፉትን ጥቅልል ይመለከታሉ። የአያቷ ቤት ነው ብል የሚሆነውን አውቃለሁ፤ እትዬ ዘውዴ ሴትዮዋን አገላብጠው ይስማሉ፣ ጤናዋን፣ የቤተሰቧን ጤና፣ የከብቶቿን ጤና ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ዳቦው በሁሉ ፊት ይፈታል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የምትለው» አልኩ። ሌላውን ዋጥኩት።

«ባለቤቶቹስ የታሉ?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«ጓሮ ናቸው። እኔ ላድርስላቸው።»

ዳቦውን ከእጃቸው ተቀብዬ በቤቱ ጎን ዞርኩ። ከጎተራው ጀርባ አረንጓዴ የቆሻሻ በርሜል ነበር። ዳቦው ከብዶኝ በሁለት እጄ ነው የጣልኩት፤ ሲወድቅ ድምፁ ዛሬም ይሰማኛል። ጨርቁ እጄ ላይ ቀረ። የሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና፣ ከዛፍ ሥር ከወደቀው ፕለም ያልተበላሸውን መርጬ፣ ሰባት ፍሬ ቋጥሬ አመጣሁ።

እትዬ ዘውዴ ጨርቁን ፈተው ሲያዩ ፊታቸው በራ። «አያችሁ፣ ባዶውን አልመለሱትም! ወግ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው» ብለው ለሁሉም አሳዩ።

ከዚያ በኋላ ጉብኝቱን እንዳለ መዋሸት ነበረብኝ። አስጎብኚዋ «ነበረ» ያለችውን ሁሉ «ነው» እያልኩ፣ የሞቱትን ሁሉ በሕይወት አኖርኳቸው። መኝታ ቤት ስንደርስ አባባ ደስታ፣ ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌ፣ አልጋው ፊት የተዘረጋውን ገመድ አይተው «ሰዎቹ ገመድ እየዘለሉ ነው የሚተኙት?» አሉኝ። «እንግዳ ሲመጣ ነው የሚያስሩት» አልኩ። «እኛ ምን እናደርግባቸዋለን ብለው ነው!» አሉና ሳሎን እስክንመለስ ድረስ አኮረፉ።

ስንወጣ የእንግዳ መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ነበር። ሌሎቹ ስማቸውን በእንግሊዝኛ እኔን አስጻፉኝ። እትዬ ዘውዴ ግን ብዕሩን ተቀብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ በአማርኛ ረጅም ነገር ጻፉ። አስጎብኚዋ በትከሻቸው ላይ አይታ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። እኔ የአማርኛ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። አመሰግናለሁ ነው የሚለው አልኳት።

እትዬ ዘውዴ ከፕለሞቹ ስድስቱን ለጎረቤት አድለው አንዱን በሉ፤ ፍሬውን በቲማቲም ቆርቆሮ ተክለው በረንዳ ላይ አስቀመጡት። አልበቀለም። እሳቸው ግን በየጊዜው «እነዚያን ሰዎች መቼ ነው ደግመን የምንጠይቃቸው? እስቲ ኮል አድርግላቸው» ይሉኝ ነበር፤ እኔም በእንግሊዝኛ «ሰምታይም» እላለሁ። ከዚያ አባባ ደስታ አረፉ፤ ሌሎቹም የቤት ኪራይ ሲከብዳቸው ልጆቻቸውን ተከትለው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ፤ ጋሽ መኮንን ዓይናቸው ሲደክም ቫኗን ሸጡ። እትዬ ዘውዴ ያረፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው። ሆስፒታል አጠገባቸው ብዙ ቀን ተቀምጫለሁ፤ ልነግራቸው አፌን የከፈትኩበት ቀንም አለ፤ የተናገርኩት ግን ውኃ ይፈልጉ እንደሆነ ነው። በዚያው ክረምት የፊደል ገበታ ገዝቼ ከሀ ጀመርኩ። ኋላ የመስኮት ሥራን እንደተማርኩት፣ ብቻዬን፣ ስሳሳት ወደ ኋላ እየተመለስኩ።

መዝገቡን ከፈትኩት። ገጹን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ በእንግሊዝኛው መካከል ያ የተጠጋጋ የእጅ ጽሑፍ ብቻውን ጠቁሯል።

«ለቤቱ ባለቤቶች። ስላላገኘናችሁ አዝነናል፤ ጤናችሁን ያብዛው። ዳቦው ሳይደርቅ ትኩሱን ብሉት። ቤታችሁ አይጉደል። የጻፍኩትን ልጃችን ያነብላችኋል፤ ጎበዝ ነው። ዘውዴ።»

ከጎኑ፣ በሌላ እጅ፣ በእርሳስና በእንግሊዝኛ፦ «አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ልጁ እንደነገረኝ።»

ቁልፉን የሰጠኝን ሰው ስለ አስጎብኚዋ ጠይቄዋለሁ። ከሞተች ቆይታለች፤ ከቤተሰቡም የመጨረሻዋ እሷ ነበረች። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ፤ የፕለም ዛፎቹ ተቆርጠው ቦታው መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ አረንጓዴው በርሜል ግን፣ ያው ይሁን ሌላ፣ እዚያው ቦታ ቆሟል።

እንጨት የማሰምርበትን እርሳስ ከጆሮዬ አውርጄ፣ ከአስጎብኚዋ ጽሑፍ ሥር፣ የእትዬ ዘውዴን ቃል አንድም ሳልዘል ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ። ዳቦው ላይ ስደርስ የት እንደገባ ማስረዳት እንዳለብኝ አየሁ። ከገጹ የቀረው ሁለት ጣት የማይሞላ ቦታ ነው፤ የሚያነበውም የለም። እርሳሱን ቀርጬ ጻፍኩት።