«መጣሁ» የምትለው ሳጥን

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ፊውዝ» ነው የሚለው። ልጅ ሆኖ የቤቱን መብራት እየነካካ ስንቴ ጨለማ ውስጥ አስቀምጦናል! አሁን ከቤታችን መንገድ ማዶ ባለች ጠባብ ሱቅ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ቻርጀር ይጠግናል። እጁ ወርቅ ነው፤ ይህን ጠላቱም ይመሰክርለታል። አንድ ክፉ አመል ግን አለው፦ «መጣሁ» ይላል፣ አይመጣም። ምሳ ቀርቧል ስትሉት «መጣሁ!» ይላል፤ ሾርባው ይበርዳል፣ እሱ መበየጃውን እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ እዚያው ነው። እናታችን ታዲያ «ተዉት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል» እያለች ትስቅ ነበር።

ትስቅ ነበር የምለው ስትሮክ ቀኝ ጎኗን ከመምታቱ በፊት ነው። አሁን የሚታዘዛት ግራ እጇ ብቻ ነው። ቃል ከአፏ የሚወጣው በስንት መከራ ነው፤ ብዙውን ቀን ጭራሽ አይወጣም። እኔ ቀን ቀን ፀጉር ቤት እሠራለሁ። ስለዚህ ፊውዝ የመጥሪያ ቁልፍ ሠራላት፤ ትራሷ አጠገብ የምትቀመጥ ትንሽ ሳጥን። ስትጫናት ስልኩ ላይ መልእክት ይገባል፣ እሱም መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል።

ድምፅ አስገባበት ያልኩት እኔ ነኝ። «ዝም ያለ ቁልፍ ተጭና ምን ብላ ትጠብቅ? የሆነ ነገር በላት እንጂ!» አልኩት። የራሱን ድምፅ ቀድቶ አስገባ፦ «መጣሁ እማዬ!» እማዬ መጀመሪያ ስትሰማው በግማሽ ፊቷ ሳቀች።

ጣጣው የመጣው ከቺፗ ነው። የሳጥኗ አንጎል የሆነችው ቺፕ ከሌላ ዕቃ ጋር የምታወራበት ሲሪያል ፖርት አንድ ብቻ ነበራት። የምታወራቸው ደግሞ ሁለት ሆኑ፤ አንዱ እዚያው ሳጥኗ ውስጥ ሆኖ ለፊውዝ መልእክት የሚልከው ትንሽ ስልክ፣ ሌላው ድምፅ የሚያጫውተው። ሁለት ፖርት ያላት ቺፕ እዚያው መሳቢያው ውስጥ ነበረችው። እሱ ግን ብልሃት አማረው።

«እዪማ እትዬ» አለኝ፣ ከቺፗ ጎንና ጎን የተደረደሩትን ቀጫጭን እግሮች በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ። «በነዚህ እግሮች ለስልኩ ታወራለች። ከዚያ ሳላጠፋት፣ ሥራ ላይ እንዳለች፣ ፖርቷን በፕሮግራም ወደነዚያኞቹ እግሮች አዛውራታለሁ፤ ለድምፁ ታወራለች። ስትጨርስ እመልሳታለሁ። አንድ አፍ ለሁለት ጆሮ!»

«ያችን ሌላዋን ብታስገባስ?»

«እሱማ ማንም ይችላል» አለ።

እማዬ ፊት ሞከረው። ሲጫን የኪሱ ስልክ ጮኸ፣ ሳጥኗም «መጣሁ እማዬ» አለች። አጠፋ፣ አበራ፣ ተጫነ፤ ሠራች። ደግሞ አጠፋ፣ አበራ፣ ተጫነ፤ ሠራች። እኔ አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ውኃ ጠምቷት ተጫነች። እንደ ድሮው እንዳይመስላችሁ፣ ፊውዝ በሩጫ ነው የመጣው! አጠጥቷት ወደ ሱቁ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ እኔ ከሥራ ስገባ ገና ከበሩ ድምፁ ይሰማኛል። «መጣሁ እማዬ!» ጎሽ፣ ዛሬስ ሰው ሆኗል ብዬ ጫማዬን አወልቃለሁ። «መጣሁ እማዬ!» ምነው ደጋገመው? «መጣሁ እማዬ!»

መኝታ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። እማዬ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ተኝታለች። አንሶላው ርሷል፤ ከራሰም ቆይቷል፣ ዳር ዳሩ ደርቋል። እናቴ ሰው ቤት ስትሄድ እንኳ ወንበር አራግፋ የምትቀመጥ ሴት ናት። አየችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። መጣሁ እየተባለች እኮ ነው የጠበቀችው! ዝም ቢላት ኖሮ ጎረቤት እስኪሰማ ግድግዳውን ትደበድብ ነበር።

አጥቤያት፣ ልብሷን ቀይሬ፣ መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። ፊውዝ ስልኩን ፊቱ አቁሞ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ይበይዳል።

«ደንቆሮ ነህ? እናትህ ስትጠራህ አትሰማም?»

«ኧረ አልጠራችኝም! ይኸው!» ስልኩን ዘረጋልኝ። የጠዋቱ መልእክት ብቻ ነው ያለው።

«መጣሁ ስትላት ነው የዋልከው!» ብዬ ያየሁትን ነገርኩት። መበየጃውን የት እንዳስቀመጠ እንኳ አላየም፤ የጠረጴዛው ላስቲክ ሲቃጠል ሸተተኝ።

ሳጥኗን አምጥቶ ፕሮግራሙን ከፈተ። ብዙም አልፈለገም። «ወደ ድምፁ ስሄድ የምትናገርበትንም የምትሰማበትንም እግር አዛውሬያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ስመለስ የምትሰማበትን ብቻ ነው የመለስኩት። የምትናገርበት እዚያው ቀርቷል።» ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ለስልኩ የተላከው ሁሉ የሄደው ወደ ድምፁ ነበር፤ ስልኩ ምን ይስማ?

«ሞክረኸው የለም እንዴ?»

«አጥፍቼ አብርቼ ነዋ! ስትበራ እግሯ ሁሉ ቦታው ይመለሳል። ሳላጠፋ ሁለቴ ብጫን ኖሮ...» ግንባሩን በቡጢ መታ። «ቺፗ መሳቢያ ውስጥ ነበረች እኮ እትዬ። ጉራ ነው። በእናቴ ላይ ጉራ ነፋሁ።»

ድምፁን አስገባ ያልኩት እኔ፣ ያጨበጨብኩትም እኔ።

ሁለት ፖርት ያላትን አስገባ፣ ድምፁንም አጠፋው። እማዬ እያየችው ሳያጠፋ ደጋግሞ ተጫነ፤ ስልኩ ሁልጊዜ ጮኸ። ከዚያ እግሯ ሥር ተደፍቶ «ማሪኝ» ሲላት በግራ እጇ ፀጉሩን ዳበሰችው። ምራዋለች፤ እሱን አልጠራጠርም። ሳጥኗን ግን በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገቻት። ከዚያ ወዲህ አልተጫነቻትም፤ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠች። እሱም የሱቁን ዕቃ እኩሌታ አምጥቶ እናቱ አልጋ አጠገብ ይሠራል፤ ደንበኞቹ ቢነጫነጩም አይሰማም።

ባለፈው መበየጃው የሚያቀልጠውን ሊድ ሊገዛ ወጣ ብሎ ተመለሰ። እኔ እማዬን ሾርባ እያጎረስኳት ነበር። ከበሩ እንደ ድሮው፣ ሳያስበው፣ አመሉ አውጥቶት፣ «መጣሁ እማዬ!» አለ።

እማዬ ወደ በሩ አልዞረችም። ቀና ብላ መደርደሪያው ላይ ያለችውን ሳጥን አየች።

ፊውዝ ደፉ ላይ ቆሞ አያት። ገባ፣ ተንበረከከ፣ እጁን እጇ ላይ አደረገ። መበየጃ ያቃጠላቸውን ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ከዚያ ነው ዓይኗን ወደ ፊቱ የመለሰችው።

«መጣህ?» አለችው።

ግራ እጇን አንስቶ ወደ ጉንጩ አስጠጋው።