የአትጠገብ ቅዳሜ

አልቃሿ አትጠገብ በደብረ ታቦር ዙሪያ ያላስለቀሰችው ቀዬ የለም። የገዛ ልጇ የባምላኩ መርዶ ከሳውዲ ሲመጣ ግን ለሰው ልጅ ያላጣችውን ቃል አጣች፤ አስከሬኑም እዚያው ቀረ።

ሰውነት የሚባል መጻሕፍት ሻጭ በሱቁ የግጥም ዝግጅት አስቦ፣ «እማማ፣ የሞተ ሰው ባይኖርም ይግጠሙልን» ሲል ለመናት።

«ሙትማ አለኝ» አለችው።

በሩ ላይ «የፊታችን ቅዳሜ፦ ግጥም በእማማ አትጠገብ» ብሎ ለጠፈ። ቅዳሜ ዕለት የባምላኩን ጃኬት ይዛ መጣች። ከመጻሕፍቱ መሃል ለአንድ ባዶ ወንበር አልብሳው፣ ታፍኖ የከረመውን ሙሾ አወረደችው። ስትጨርስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «እግዜር ያጥናዎ» የሚላትን ጠበቀች።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ወጣቶቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «ይደገም! ይደገም!» አሉ።