ዘርፈሽዋል ቆማ የበላችባቸው ቀናት

«የዘቢዳር ደመና፣ ውረድ ወደ ቆላ፣
እምም… እምም… እምም… ነጩ ቡላ።»

ዘርፈሽዋል የሁለተኛውን ስንኝ መጀመሪያ አታውቀውም። እናቷ እንሰት ስትፍቅ የምታንጎራጉረው ዘፈን ነበር፤ እናትየው ካረፈች ወዲህ መሀሉን ብል እንደበላው ጥለት ሆኖ ቀረ። ቢሆንም ታዜመዋለች፤ የረሳችውን በ«እምም» እየሞላች፣ ጣሊያን ቡታጅራን በያዘ በሁለተኛው ዓመት እንኳ ከጓሮዋ ያ ዜማ ያልተሰማበት ጠዋት አልነበረም።

ወንድሟ ባዩ የመጣ ጠዋት ግን ዜማውን መሀል ላይ አቋረጠችው። ጣሊያኖቹ አስረው ስምንት ወር ድንጋይ አስፈልጠውት፣ ከእንግዲህ አይሠራም ብለው የለቀቁት ነው። ደጃፉ ላይ ልብስ ቆሟል፤ ልብሱ ውስጥ ሰው መኖሩን የነገራት ሳቁ ነው።

«እታለም» አለ፣ «ዛሬስ ክትፎ የለም?»

እልልታዋ ሰፈሩን አናወጠው! ለመስቀል ያስቀመጠችው ቅቤ ወጣ፤ ሥጋው ተከተፈ፤ ጣባ ሙሉ ቀረበ። ባዩ በላ። እሷም እየሳቀች፣ እያለቀሰች አጎረሰችው። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ግን የበላው ሁሉ በተቅማጥ ወጣ፤ ቅቤው እንኳ ቅቤ እንደሆነ። በማግሥቱም ክትፎ፣ በማግሥቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ባዩ ከመደቡ መነሳት አቃተው። ያኔ ዘርፈሽዋል ነጠላዋን አጣፍታ ማለች፦ «አንተ የበላኸው አካልህ ላይ እስኪያድር ድረስ እኔም ቁጭ ብዬ አልበላም!»

ከዚያ ወዲያ እህል የምትቀምሰው ቆማ፣ ከምድጃው ወደ ጓሮ ስትሮጥ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጋሼ ሀብተወልድ መጡ። ከጠላት በፊት አዲስ አበባ፣ ሐኪም ቤት ውስጥ ቁስል አጣቢ ነበሩ፤ አሁን ገበያ ላይ ጨው ይሸጣሉ። የባዩን ምላስ አዩ፣ የክንዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁ። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ።

«ትናንት ምን በላ?»

«ክትፎ።»

«ከትናንት በስቲያስ?»

«ክትፎ ነዋ ጋሼ! ወንድሜ እኮ ነው፤ ጎመን ላብላው እንዴ?»

«ከዚህ በኋላ ክትፎ ብታበዪው አርብን አያያትም» አሉ።

ዘርፈሽዋል እያለቀሰች ወደ ጓሮ ወጣች፤ ጎረቤቷ አሚኔ የተፋቀውን እንሰት እየጨመቀች ትጠብቃት ነበር። ጋሼ ሀብተወልድም የጨው ከረጢታቸውን እንደተሸከሙ ተከተሏት።

«ስሚኝ ልጄ፣ መፈጨት ሌላ ነው፣ መመጠጥ ሌላ ነው።»

«ጥርሱ ደህና ነው እኮ!» አለች አሚኔ። «አጥንት ይቆረጥማል።»

«ጥርሱንማ ማን ጠየቀሽ!»

«ታዲያ ቅቤው ቀልጦ የለም እንዴ?» ዘርፈሽዋል እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «የቀለጠ ነገር ምን መፈጨት ያሻዋል?»

ጋሼ ሀብተወልድ ምሳሌ ፍለጋ ጓሮውን ቃኙ። ያኔ ዓይናቸው አሚኔ እጅ ላይ ወደቀ። አሚኔ የተፋቀውን እፍኝ ጨምቃ ቃጫውን ወደ ጎን ትጥላለች፤ ነጩ ውሃ በጣቶቿ መሀል ወደ ገበቴው ይወርዳል። ሽማግሌው ከረጢታቸውን ጣሉት!

«ይኸው! ይኸው እኮ ነው! የቀርከሃ መፋቂያሽን አምጪ! አንቺ እንሰቱን ስትፍቂ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አደቅቀዋለሁ» አለች ዘርፈሽዋል።

«ሆድ የሚሠራው እሱን ነው፤ ያደቅቃል፣ ያላላል፣ ያቀልጣል። ግን ፍቀሽ ብትተዪው ቡላ ታገኛለሽ?»

«እንዴት ተደርጎ! ካልተጨመቀ፣ ካልወረደ፣ ገበቴው ውስጥ ካልረጋ…»

ቃሏን ሳትጨርስ ቆመች። ጋሼ ሀብተወልድ እንደ ሠርገኛ ትከሻቸውን ነቀነቁ።

«አየሽ! አንጀታችን ውስጡ እንደ ከፋይ ጨርቅ ጠጉር አለው፤ ሐኪሙ በወረቀት ሥሎ አሳይቶኛል። የላላውን ምግብ ስቦ ወደ ደም የሚያስገባ እሱ ጠጉር ነው። እስኪገባ ድረስ ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ደጅ እንዳለ እንግዳ ነው፤ ገና ቤት አልገባም። የባዩን ከፋይ ረሀብ ልጦታል። በዚያ ላይ ቅቤ ለማላላትም ለመግባትም ከሁሉ ይከብዳል፤ በሩ ጠቦ እንግዳው ሰባ።»

«እና ምን ልስጠው?»

«ይህንኑ። ቡላ ቀጭን አድርገሽ፣ በደንብ አብስለሽ፣ ቅንጣት ጨው ጣል አድርገሽ። በማንኪያ፣ ቀስ እያልሽ፤ ግን ሳትሰለቺ።»

አሚኔ ሳቀች። «ከእስር ለተፈታ ወንድም ውሃ ቡላ! አንቺ ዘርፌ፣ አገሩ ቅቤሽን ቀብረሽ ወንድምሽን በውሃ ሸኘሽ ይልሻል።»

ዘርፈሽዋል የክትፎውን ጣባ አየች፤ ገበቴውን አየች። የዚህ አገር ሴት ክብሯ ጣባው ውስጥ ነው።

«ይበል» አለች። «አገሩ ይበል! አንቺ ጨምቂ!»

እንዲህ ተጀመረ። ማንኪያ፣ እፎይ፤ ማንኪያ፣ እፎይ። ለጥየቃ የመጡት ሴቶች ቀጭኑን ቡላ አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። ከሁሉ የከበዳት ግን ባዩ ራሱ ነበር።

«እታለም፣ በእናታችን፣ አንዲት ጉርሻ ክትፎ!»

«ዝም በል አንተ፤ አፍህን ክፈት።»

«ጨካኝ!»

«ክፈት አልኩህ!»

ወጥታ ከግድግዳው ኋላ አለቀሰች፤ ተመልሳ ማንኪያውን ያዘች። ሁለት ቀን ሆዱ አሁንም የሰጠችውን አልያዘም። በሦስተኛው ግማሹ ሆዱ ውስጥ ቀረ። በአምስተኛው ጠዋት ባዩ ሌሊቱን ሙሉ ሆዱ ሳይረብሸው አድሮ ነቃ፤ ደርቆ የነበረው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል! ቆዳውን ቆነጠጠችው፤ ቆዳው ተመለሰ!

ጫማ አላለች፣ ሻሽ አላለች፤ ገበያውን ሰንጥቃ ሮጠች። «ገባ! ጋሼ ሀብተወልድ፣ ገባ!»

አንድ የጣሊያን ጦር አስካሪ ጠመንጃውን ጨበጠ። «ማነው የገባው?»

«ቡላ ነዋ! ወንድሜ ደም ውስጥ!»

አስካሪው አበደች ብሎ ዞር አለ። ጋሼ ሀብተወልድ ግን ሚዛናቸውን ትተው እልል አሉ፤ ሽማግሌ እልል ሲል ያን ቀን ገበያው ሰማ።

ስትመለስ ባዩ መደቡ ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል፤ ገበቴውን አቅፎ ያንጎራጉራል።

«የዘቢዳር ደመና፣ ውረድ ወደ ቆላ፣
መንገደኛው ገባ አሉ፣ ይቅረብ ነጩ ቡላ።»

ዘርፈሽዋል ደፉ ላይ ደርቃ ቀረች። «እንዲህ ነበር እንዴ?»

«ስምንት ወር ድንጋይ ስፈልጥ ያልኩት ምን መሰለሽ?» ሳቀ፤ ያ ሳቁ። «አሁን ቁጭ በዪ፣ እታለም። መቆምሽ እኔንም አደከመኝ።»

ከምድጃው ዳር ያለውን ቆጮና ጎመን አነሳች። መቀመጫ ዱካውን ከወንድሟ አጠገብ አስጠጋች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። እሱ ማንኪያውን አነሳ፤ እሷም ቁጭ አለችና ቆጮውን ቆርሳ በላች።