በገመድ የለካናቸው አሮጌ ቤቶች

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ሰው ሁሉ ሞባይል የያዘበት፣ ፊልም የሚያጥቡ ሱቆች ግን ገና ያልተዘጉበት ጊዜ ነበር፤ ከዚያ በላይ ብትጠይቁኝ እዋሻለሁ። ብርዱን ግን አልረሳውም። በኬንያ ሐምሌ ሲገባ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ይውላል።

የኖርኩት ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ አንድ ፎቅ ሥር፣ የፓስፖርት ፎቶ ሳነሳ ነው። የደንበኛው ወንበር ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ነው፤ የካሜራውም እግር ከቦታው አይነቃነቅም። ሌንሱን አንዴ አስተካክዬዋለሁ፣ በቃ፣ እንደዚያው ነው። ስለዚህ ዓይኔ ቀስ በቀስ ሲደክም ሥራዬ አልነገረኝም። ፎቶው ጥርት ብሎ ይወጣል፣ እኔም ደህና ነኝ እላለሁ። የነቃሁት ሐኪሙ «የግራው ዓይንዎ ዘግይቷል፣ አይድንም። የቀኙን ሞራ ሰኞ እናነሳዋለን፤ ምን ያህል እንደሚያዩ ግን ቃል አልገባም» ሲለኝ ነው።

ወደ ኪናንጎፕ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር ፈረንጆች ትተዋቸው የሄዱ የሳንቃ በረቶችና ጎተራዎች፣ የድሮ ትምህርት ቤቶችም አሉ። በመኪና ባለፍኩ ቁጥር «አንድ ቀን አነሳቸዋለሁ» እል ነበር። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ትምህርት ቤት ሳይ የምቆመው ምናልባት ለዚህ ይሆናል። እያፈረሱ በብሎኬት እየሠሩዋቸው እንደሆነም አውቃለሁ። ሰኞ ምን እንደሚመጣ ስለማላውቅ፣ ቅዳሜን ለራሴ ወሰድኩ።

ልጄ ሂሩት አልወደደችውም። ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር ቢሮ ነው የምትሠራው፣ ያደገችውም እዚሁ ነው።

«ዳዲ፣ ሰርጀሪህ ሰኞ ነው እኮ! ብርድ ቢመታህስ? ፕሊዝ፣ ፖስትፖን አድርገው።»

«ሰርጀሪውን?» አልኳት።

ሳቀችና ወፍራም ሹራብ አምጥታ ራሷ አለበሰችኝ።

ጠዋት፣ ሊሙሩ

የወሰደኝ ጓደኛዬ ተኽሌ ነው። የአስመራ ሰው ነው፤ አማርኛውን የተማረው ድሮ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ነው። አሁን አሮጌ ፒካፕ አለው። የዌስትላንድስን ግርግር አልፈን ሽቅብ ስንወጣ የሻይ ቅጠሉ ማሳ መጣ፤ አረንጓዴው ለእኔ እንኳ ይታየኛል። ሊሙሩ ላይ ቆመን በቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ቦምቦሊኖ የሚመስል ትኩስ ማንዳዚ በወተት በፈላ ሻይ በላን። ተኽሌ ብርጭቆውን አየት አድርጎ «ላሟን ነው እንዴ የቀቀሏት?» አለ። ሁለት ብርጭቆ ደገመ።

ከከተማው ወጣ ብሎ የመጀመሪያውን በረት አገኘን። ከወፍራም የጥድ ሳንቃ የተሠራ፣ ዝናብ ያጠቆረው ነው። ባለቤቷ ወተት እያለበች ነበር፤ በእጇ «ግቡ፣ ግቡ» አለችን። ቤትን ከሩቅ ማንሳት ችግር የለውም፤ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ማዞር ነው። እኔ የፈለግኩት ግን ከቅርብ ነበር፤ በሩ ላይ የመጥረቢያው ምልክት፣ የላሞቹ ትከሻ ያለሰለሰው መቃን። ካሜራውን ተክዬ ሌንሱን ወደዚህ አዞርኩ፣ ወደዚያ አዞርኩ። አንድ ሁለቴ ተጫንኩ። እንደገና አዞርኩ።

«አንተ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለ ተኽሌ። «በሩ እስኪስቅልህ ነው?»

«ፎከስ እያደረግኩ ነው።»

«እስቲ ልየው።»

ካሜራዬን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ገለል አልኩለት። ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ በር ነው ወይስ ጭጋግ?» አለ።

ሄጄ የፒካፑ መርገጫ ላይ ተቀመጥኩ። ሰኞን የፈራሁት ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የፈራሁ ይመስለኝ ነበር እንጂ አልፈራሁም።

«እንመለስ፣ ተኽሌ» አልኩት። «የማላየውን ምን አነሳለሁ?»

አላጽናናኝም። ወደ ኋላ ሄዶ ከካሶኒው የጭነት ማሰሪያ ገመድ አወጣ።

«ሌንስህ ላይ ቁጥር የለም?»

«አለ። ሜትር ነው።»

«ታዲያ ቁጥሩን እኔ አነብልሃለሁ፣ ርቀቱን ገመዱ ይነግረናል። አንተ ምን እንደሚነሳ ንገረን። ካሶኒዬ ልክ ሁለት ሜትር ነው፣ መቼም አላጣውም፤ ስንት ዓመት ስጭንበት ኖሬአለሁ።»

ገመዱን በካሶኒው ልክ ዘረጋ፣ አጠፈ፣ እየለካ በየሜትሩ ቋጠሮ ቋጠረበት። ሴትዮዋ ማለቧን ትታ ታየናለች። ከዚያ ጫፉን ከበሩ አስይዞ እስከ ካሜራው ሳበ፣ ሌንሱን አዞረና «አሁን ተጫን» አለኝ። ተጫንኩ። ወጣ አልወጣ ማን ያውቃል? የታጠበ ፊልም እንጂ ሌላ ምስክር የለውም።

ቀትር፣ ኪናንጎፕ

በገደሉ አፋፍ ላይ የበግ ለምድ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ተኽሌ አንድ ጠጉራም ቆብ አጥልቆ «መነኩሴ መሰልኩ?» አለኝ። «ሽፍታ» አልኩት። ቆቡን ለሻጩ መለሰለት። ከዚያ ከዋናው መንገድ ታጥፈን ወደ ደጋው ወጣን። በየመንገዱ ዳር ድንች በጆንያ ቆሟል፣ ጥቅል ጎመን የጫነ የአህያ ጋሪ ይጎተታል፤ ጉሙ ወርዶ ከበጎቹ ጋር ሜዳው ላይ ተኝቷል።

ትምህርት ቤቱን ከዚህ በፊት ያየሁት ከመንገድ ነበር። አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ጥርብ ድንጋይ፣ ቆርቆሮዋ የዛገ፣ ከበሩ በላይ የእንጨት መስቀል። ከጎኗ አዲስ የብሎኬት ክፍሎች ተሠርተዋል። ቁልፉን የያዙት ቦቲ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም «ጉካ» ነው የሚሏቸው፣ በኪኩዩ አያት ማለት ነው። በስዋሂሊ ሰላም አልናቸው። ካሜራውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ባለፈው አንዱ መጥቶ ፎቶ አነሳ። ሳይቆይ የድንበር ድንጋይ ተተከለብን። እናንተን ደግሞ ማን ላካችሁ?»

«ማንም» አልኩ። «አሮጌ ቤት እወዳለሁ።»

«አሮጌ ቤት ማን ይወዳል? ይህች እሑድ እሑድ የምንጸልይባት ናት። ሂዱ።» ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

እውነታቸውን ነው። መሬቱ የተነካ ሰው ሁሉን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ካሜራውን ለተኽሌ ሰጠሁት። ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ ግን ሳልሳለም መሄድ አቃተኝ። ከደጃፉ ደርሼ እንደ ልማዴ ጫማዬን አወለቅኩ፣ አማተብኩ፣ መቃኑን ተሳለምኩ። ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል።

«ሙዜ! ምን ያደርጋሉ?» አሉ ጉካ፤ ሽማግሌን በስዋሂሊ እንዲህ ነው የሚጠሩት።

«የጸሎት ቤት ነው ብለውኝ የለም?»

«እዚህ ማንም ጫማ አያወልቅም! የሲሚንቶው ብርድ ይገድልዎታል!» ካልሲዬን አይተው ሳቃቸው መጣ። ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፦ «መሬት ሊወስድ የመጣ ሰው ጫማውን አያወልቅም።» ቁልፉን አወጡ።

ተኽሌም አወለቀና እያነከሰ ገባ። «ሪህ ቢይዘኝ አንተ ነህ የምታሽልኝ» አለ።

ውስጡ ረጃጅም ዴስኮች አሉ፤ ስም በስም ላይ ተቀርጾባቸዋል። ጥቁር ሰሌዳው ግድግዳው ላይ የተቀባ ነው። የገመዱን ጫፍ ጉካ ያዙ፣ ተኽሌ ቋጠሮውን እያነበበ ሌንሱን አዞረ። እኔ ብርሃኑን ያዝኩ። ብርሃን በየትኛው መስኮት እንደሚገባ፣ ስንት ልቆይለት እንደሚገባ፣ ያንን ገና አውቅ ነበር። ዴስኮቹን አነሳን፣ ሰሌዳውን አነሳን፣ የኮት መስቀያዎቹን ሳይቀር።

መጨረሻ ላይ ጉካ በልጅነታቸው የተቀመጡበት ዴስክ ላይ ሄደው ቁጭ አሉ። እኔም ሳላስበው «ቀና ይበሉ፣ ጆሮዎ ይታይ፣ አይሳቁ» አልኳቸው።

«ለቪዛ ነው እንዴ?» አለ ተኽሌ። «ይሳቁ እንጂ!»

ጉካ ሳቁ። ተጫንኩ። ስንሰናበት ጥቅል ጎመን አሸክመውን፣ ፎቷቸውን እንድንልክላቸው ቃል አስገቡን።

ናይሮቢ

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ገባን። ሂሩት በር ላይ ቆማ ነበር፤ አልተቆጣችም፣ እግሬን በሙቅ ውሃ አጠበችልኝ። ሰኞ ዓይኔ ተሠራ። ፊልሙ ታጠበ፣ እኔ ግን ማንም እንዳይነግረኝ ከለከልኩ፤ መልካምም ቢሆን ክፉ በራሴ ዓይን ላየው ፈለግኩ።

ፋሻው የተፈታ ሰሞን ተኽሌ ፎቶዎቹን ይዞ መጣ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። የበረቱ በር የመጀመሪያዎቹ እውነትም ጭጋግ ናቸው። ከዚያ የሚቀጥለው፣ የመጥረቢያው ምት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዴስኩ ላይ የተቀረጹት ስሞች ይነበባሉ፤ እኔው አነበብኳቸው፣ ጮክ ብዬ። ጉካ ሲስቁ ከፊት ጥርሳቸው ሁለቱ የሉም፤ ያን ዕለት አላየሁትም ነበር።

ቀና ስል ተኽሌን አየሁት። «አንተ፣ እንዲህ አርጅተሃል እንዴ?» አልኩት።

«ሞራው ባይነሳ ይሻለን ነበር» አለ።

የጉካን ፎቶ በትልቁ አሳጥቤ ላክሁላቸው። ትምህርት ቤቷ እስካሁን ትኑር አትኑር አላውቅም። ከዚያ መንገድ ያገኘሁት አንድ ነገር ነው፦ ዕድሜዬን ሙሉ ካሜራዬን ሰው እንዳይነካብኝ ስጠብቅ ኖሬ፣ ከልቤ የምወዳቸውን ፎቶዎች ያነሳሁት በሦስት ሽማግሌ እጅ ነው። ሐኪሙን እግዚአብሔር ይስጠው፣ ጉካንም ዕድሜ ይስጥልኝ። ያን ቅዳሜ ግን «እንመለስ» ስለው ያልመለሰኝ፣ ያሻገረኝ ሰው ተኽሌ ነው።