ከጎባ እስከ ሮቤ ያወረድኩት ውርጅብኝ

ይህ ከሆነ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴ ይግላል፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ይመጣል። በአንድ ቀን እንደዚያ ደንግጬና ተደስቼ አላውቅም።

የጎባ ልጅ ነኝ። እናቴ «የአንቺ አፍ መትረየስ ነው» ትለኛለች። የዚያን ዕለት ሮቤ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለእንግሊዝኛ መምህርነት የቃል ፈተና ነበረኝ። ከተመረቅሁ ጀምሮ ሦስት ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ። ይህ ካመለጠኝ ሌላ የምጠብቀው አልነበረም።

ጠዋት ከደሎ መና የመጣ ሚኒባስ ጎባ ላይ ሰው ሲያራግፍ፣ እንደ ሁላችንም ልማድ፣ ማስረጃዎቼን የያዘውን ክላሰር በመስኮት ባዶ ወንበር ላይ ወርውሬ ቦታ ያዝኩ። በግፊያው መሀል ስገባ ግን አንድ ሽበታም ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጠዋል! ክላሰሬንም ጭናቸው ላይ አድርገውታል።

«ስሚኝ ልጄ...» አሉ። ማን ሊሰማ!

«ምኑን ልስማ? ቦታው መያዙን እያዩ! ሽበትዎን አያፍሩም? አገር ያጠፋው እንደ እርስዎ ያለው ነው!»

ክላሰሬን መንጭቄ በሩ አጠገብ ያለችው መቀመጫ ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ በቃኝ? የለም፤ እስከ ሮቤ ድረስ ውርጅብኙን አወረድኩባቸው። እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኛል።

ሮቤ ሲወርዱ ከኋላቸው አየሁ። ሱሪያቸው በማር ተለውሷል።

ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው። የማር ጄሪካኔ አንቺ የያዝሽው ወንበር ላይ አፍስሶ ነው። ወረቀትሽ ጋ ሊደርስ ሲል ሰውየው ብድግ አደረጉልሽ። በሩ ጋ ያለችውን ደረቋን ወንበር ላንቺ ትተው፣ ጋዜጣቸውን አንጥፈው እዚያው ተቀመጡ። አንቺ ስትጮኺ ፈራሁና ዝም አልኩ።»

ሮጬ ወረድኩ። ባጃጅ ይዘው ሄደዋል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

አራት ሰዓት ላይ ስሜ ተጠርቶ ገባሁ። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሹራብ ወገባቸው ላይ አስረው ቆመዋል። እሳቸው ናቸው!

የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቁኝም እሳቸው ናቸው፤ ያለ ምንም ቁጣ። «ሰውን እየጮኹ አጥብቆ ማውገዝን የሚገልጽ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ንገሪን። ትርጉሙን ከነአመጣጡ።»

ሌሎቹ ምንም አልጠረጠሩም። እኔን ለማለት እንደሆነ ግን ገባኝ። ደግነቱ የቃላትን ሥር መፈለግ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ነገር ነው።

«ፉልሚኔት» አልኩ። «ከላቲን የመጣ ነው። ሥሩ መብረቅ ማለት ነው። በድሮ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አለቆች ለሚያወርዱት ውግዘት ይባል ነበር። ዛሬ ማንም ሰው በቁጣ እየጮኸ ሲያወግዝ እንጠቀምበታለን።»

«ምሳሌ ስጪ» አሉኝ።

ከመጽሐፍ የሸመደድኩት አንድ ምሳሌ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ቀና ብዬ ሳያቸው ግን አልሆነልኝም።

«እኔ» አልኩ። «ዛሬ ጠዋት። ምን እንደሆነ እንኳን ሳልጠይቅ፣ ውለታ በዋሉልኝ አባት ላይ መብረቅ አወረድኩ።» እንባዬ ቀደመኝ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሁለቱ ፈታኞች ወደ ሹራቡ ዞረው አዩና በሳቅ ፈነዱ።

እሳቸው አልሳቁም። «ትክክል ነው» አሉ። «መብረቅ ሳይጠይቅ ነው የሚመታው።» ከዚያ ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ።

በሳምንቱ ተደውሎ «አልፈሻል» ስባል እልልታዬን መንደሩ ሁሉ ሰማው!

አሁን አብረን እናስተምራለን። አንድ ቀን ደፍሬ ለምን እንዳሳለፉኝ ጠየቅኳቸው። «ምሳሌውን ከመጽሐፍ አምጥተሽ ቢሆን ኖሮ አላሳልፍሽም ነበር» አሉኝ።

ምላሴ ጫፍ ላይ ምን እንደነበረ እስካሁን አልነገርኳቸውም። ፊት ለፊት መናገሩን ስለፈራሁ፣ ይኸው ዛሬ ያንብቡት!