ሲንቄ ይዤ ከደጄ የወጣሁ ቀን

ዘንድሮ በየከተማው ሰልፍ ነው ይላሉ። አስተማሪው ወጣ፣ ታክሲ ነጂው ወጣ፣ ወታደሩ ሳይቀር ወጣ ይባላል። እኔ ሰልፍ የሚባለውን ያየሁት ከሦስት ዓመት በፊት አሰላ ላይ፣ በገዛ ደጄ ነው። ያስነሳሁትም እኔው ነኝ፤ ያውም ሳላውቀው፣ የሞተ አይጥ አቅለሽልሾኝ።

ፊደል የለየሁት ትልቋ ልጄ ደብተሯን ስታነብ ከጎኗ ተቀምጬ ነው። ሌላ ትምህርት የለኝም፤ እንደማወራው ነው የምጽፈው።

ባለቤቴ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አንቱ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ደብዳቤ ያድርሱ ተብለው ከተማው ዳር ወዳለው የፈረንጆቹ መኖሪያ ሄዱ። ሲመለሱ ምሳ አልበላም አሉ።

«ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ደጃቸውን አየሁት። የሰው ደጅ እንደዚያ ነው! አሮጌ በርሜል ለሁለት ቆርጠው አበባ ተክለውበታል። የጋሪ መንኮራኩር ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። እኛ የምንጥለውን እነሱ አንግሠውታል። አንቲካ ነው የሚሉት።»

«የሚጣለውን መጣል አቅቷቸው እንዳይሆን?»

«አንቺ አይገባሽም። ሥልጣኔ ነው።»

ሥልጣኔው በሳምንቱ ቤታችን ገባ። መጀመሪያ ከጎሚስታው ያለቀ የከባድ መኪና ጎማ እያንከባለሉ መጡ፤ መሬት ላይ አጋድመው መሐሉን አፈር ሞሉና ቀይ አበባ ተከሉበት። ቀጥሎ የጣሊያን ወታደር የብረት ቆብ መጣ። በጎኑ ቀዳዳ አለው። ያ ቀዳዳ ሲበሳ ውስጡ ጭንቅላት ይኑር አይኑር የጠየቀ የለም፤ ጤና አዳም ተከሉበት። ከዚያ ወዲህ ጤና አዳም የገባበት አይብ ቀምሼ አላውቅም። የሞተ በቅሎ ኮርቻ መጣ፣ ላቡ ሳይለቀው፤ እሱም ላይ አፈር ሞልተው አበባ ተከሉ። የወተት ጮጮ መጣ፣ አፉ በከረመ ቅቤ ጠቁሮ፣ ውስጡ በረሮ የሚርመሰመስበት። የሁሉም ንጉሥ ግን ፖፖው ነበር። ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የሸክላ ቅብ ፖፖ፣ ከውጭ ነጭ፣ ከውስጥ ቢጫ። ቢጫው ዝገት ነው አሉኝ። እኔ የምን እንደሆነ አውቃለሁ። እሱንም አበባ ተክለውበት ከበሩ በስተቀኝ፣ እንግዳ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ሰየሙት።

ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። «እትዬ፣ ቆራሌው ዕቃውን እናንተ ጋ አሳደረ እንዴ?» ትለኛለች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ ልጇን ይዛ ስታልፍ፣ «ሽንትህ ከመጣ እዚህ ቤት በር ላይ አለልህ» ትለዋለች፤ እኔ እንድሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ከቤት መውጣቱም መግባቱም አስጠላኝ። ውሃ ስቀዳም፣ ገበያ ስሄድም፣ ወተት ስቀበልም በጓሮ በር ሆነ።

ለሐሜቱ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ያስጨነቀኝ ልጄ ናት።

ትልቋ ልጄ የተዳረችው ዴራ ነው። እንደ ደንቡ የበኩሯን እኔ ቤት መጥታ መውለድ ነበረባት። ክረምት ነበር፣ መንገዱም ጭቃ፣ ቀረች። እዚያው ባሏ ቤት ወለደች፣ በሰባተኛው ቀን ሞተባት። ሰዉ ሾተላይ ነው አለ። ሾተላይ ይሁን፣ ዓይነ ጥላ ይሁን፣ እትብቱን የቆረጡበት የቆሸሸ ምላጭ ይሁን እኔ አላወቅኩም። የማውቀው ልቅሶ ስደርስ ልጄ ጡቷ ቀሚሷን እያራሰው፣ ባዶ እጇን ታቅፋ መቀመጧን ነው። ሁለተኛውን ስታረግዝ፣ «ይህንን እናቴ ቤት ነው የምወልደው» ብላ ላከችብኝ። መልእክቱ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ ፍርሃት ገባብኝ። ቤቱን አጠብኩ፣ ግድግዳውን አስመረግሁ፣ ጸበል አስረጨሁ። ደጄ ላይ ግን ያ ሁሉ የማንም ጉድ ተደርድሯል። ማን ሞቶበት እንደተጣለ፣ የማን በሽታ እንዳለበት የሚያውቅ የለም። ያቺ ልጅ ሆዷን ይዛ በዚያ መሐል ልታልፍ?

«እባክዎ፣ እስክትወልድ እንኳ ያንሱልኝ» አልኳቸው።

«አበባ ሰው ይገድላል?»

«አበባው ምን አደረገ፤ ፖፖው ነው እንጂ።»

«አሁን ገና ሥር ሰደደ። ባነሳው ይደርቃል።»

«ይድረቅ!»

«አይ አንቺ። ነፍሰ ጡር እኮ ደስ የሚል ነገር ማየት አለባት። ልጅሽ ስታየው ታመሰግነኛለች።»

ልትመጣ ሳምንት ሲቀራት ይባስ ብለው አንድ በትር ይዘው መጡ። ገበያ ላይ ከአንድ አዟሪ ከከብት ቀንድ ጋር ነው የገዙት። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ዘመን ሙሉ ቅቤ የጠጣ በትር ነው። «የትልቅ ሽማግሌ ከዘራ መሆን አለበት» አሉ። የዘይት ጣሳ አፈር ሞሉና መሐሉ ላይ ተከሉት፤ ሐረግ በሽቦ አሰሩበት። ሳላስበው ብነካው የቅቤው ሽታ በሳሙና አልለቅ አለኝ። የማን እጅ ሲያሸው እንደኖረ እያሰብኩ እጄን ከሰውነቴ አርቄ ዋልኩ።

የምትመጣው ቅዳሜ ነበር፤ የዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ያደርሳታል ተባለ። ስድስት ሰዓት ላይ እንዳልወድ እንዳልወድ እያልኩ ደጁን ልጠርግ ወጣሁ። ሽታው ገና ከበሩ ተቀበለኝ። ጎማው ጠርዝ ውስጥ ዝናብ ውሃ አቁሯል፤ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ትንንሽ ትል ይገለባበጥበታል። በትሉ መሐል አይጥ ተንሳፏል። ሆዱ ተነፍቷል፣ ፀጉሩ ተልጧል፣ ጅራቱ እንደተቀቀለ ነገር ነጭ ሆኗል። ልጄ ከሦስት ሰዓት በኋላ እግሯን የምታሳርፍበት ቦታ ላይ!

ባለቤቴ ወዲያ ማዶ በማንቆርቆሪያ ኮርቻውን ውሃ ያጠጣሉ።

«ኧረ አይጥ ሞቶበታል!» አልኩ።

ቀና ብለው አዩና፣ «ታዲያ ምን ይጠበስ? ፈረንጆቹ ማዳበሪያ በብር ይሸጣሉ፣ ላንቺ በነጻ መጣልሽ» ብለው ሳቁ።

ዓይኔ ያየው ያን በትር ብቻ ስለሆነ ከነሐረጉ ነቀልኩት፤ አይጡን አውጥቼ ልጥልበት ነው። ገና ወደ ውሃው ጎንበስ ስል ሽታው አላስጠጋኝ አለ። አፌን ይዤ፣ በትሩንም ይዤ፣ በዋናው በር ሮጬ ወጣሁና አጥሩ ጥግ አስታወኩ። ካስታወኩ በኋላ ለቅሶው መጣ። መንገዱ ላይ ቆሜ፣ በትሩን ተደግፌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ ከገጠር በሚመጡ ሴቶች ተሞልቷል። ቅል ያዘለች አንዲት ሴትዮ እኔን አየች፣ በትሩን አየች፣ ቅሏን መሬት አስቀመጠች። እልልታዋን አቀለጠችው። እልልታ በለቅሶዬ ላይ! ልታሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ወዲያው በኦሮምኛ፣ «የእናት ልጅ፣ ሰማሽ?» ብላ ጮኸች። ከታች በኩል ሌላዋ፣ «ሰማሁ!» አለች። እሷም ወደሌላዋ፣ «የእናት ልጅ፣ ሰማሽ?» «ሰማሁ!» ድምፁ እየራቀ እስከ ገበያው ወረደ። እህሏን ያነጠፈችው እህሏን ትታ፣ አህያ የምትነዳው አህያዋን ጥላ፣ እርጥብ ሳር እየነጨች መጣች። ቤታቸው ቅርብ የሆነው ደግሞ እኔ እንደያዝኩት ያለ በትር ይዘው እየዘፈኑ መጡ። ምን አድርጌ ነው? ሊገድሉኝ ነው አልኩ።

ከመሐላቸው በየማለዳው ወተት የምታመጣልኝን የአርሲ ሴት ሳይ ነፍሴ ተመለሰች። እሷ ግን በትሩን እንዳየች ፊቷ ተለወጠ።

«ኩን ማሊ? ይሄ ምንድነው? ማን ሰጠሽ?»

«በትር ነው። የኔ አይደለም።»

«በትር? ወላሂ አታሳፍሪኝ! ሲንቄ ነው። እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ነው። ከብት አይነዳበትም፣ ሰው አይመታበትም። ሴት ስትበደል እሱን ይዛ ከቤቷ ከወጣች ሴት ሁሉ ሥራዋን ጥላ ትከተላታለች። እርቅ ሳይወርድ ማንም ወደ ቤቷ አትመለስም።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «አሁን ንገሪኝ። መታሽ?»

አፈርኩ። እኔ አሰላ ተወልጄ፣ አሰላ ተድሬ፣ አሰላ ወልጄ፣ ይህን አላውቅም። ወተታቸውን እጠጣለሁ፣ በገበያቸው እኖራለሁ፣ የቅቤያቸው ሽታ ግን ያስነጥሰኛል። ያን በትር ደግሞ አይጥ ላወጣበት ነበር! ለመጀመሪያ ጊዜ የተጸየፍኩት ራሴን ሆነ።

ምን ልበል? መቱኝ ብል ውሸት ነው፤ እጃቸውን አንስተውብኝ አያውቁም። ምንም አልሆንኩም ብል ሴቶቹ ስቀውብኝ ይበተናሉ፣ ባለቤቴ ፖፖአቸውን ውሃ ያጠጣሉ፣ ልጄ በዘጠኝ ሰዓት ትደርሳለች። ባሌን በአደባባይ ማሳጣቱ አስፈራኝ። አይጡ የበለጠ አስፈራኝ።

«አልመቱኝም» አልኩ። «ልጄ ዛሬ ልትወልድ ትመጣለች። የመጀመሪያውን ቀብራ ነው የምትመጣው። ደጄን ግን የሞተና የበሰበሰ ሞልቶታል። ያንሱልኝ ብዬ ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉ።»

እሷ በቋንቋቸው ነገረቻቸው። የሴቶቹ ትልቅ የሆኑ አንዲት ባልቴት፣ «ነፍሰ ጡር ናት?» ብለው አስደገሟት። ከዚያ መጥተው በራችን ፊት መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሁሉም ቁጭ አለ።

ባለቤቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ብቅ አሉ። «ምንድነው ይሄ ሁሉ ሰው? ምን ብለሽ ከሰስሽኝ?»

«ያዩትን ነው የነገርኳቸው።»

«እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ! ፖሊስ እጠራለሁ!»

መጥራት አላስፈለጋቸውም፤ አንድ ፖሊስ ግርግሩን አይቶ መጣ። ሴቶቹን አየ፣ በትሮቹን አየ። ቆቡን አወለቀ።

«ይበትኑልኝ እንጂ!» አሉት ባለቤቴ።

«ጌታዬ፣» አላቸው፣ «እኔንም የወለደችኝ ሲንቄ ያላት ናት። የሚጠይቁዎትን ቢያደርጉ ይሻላል።» በመሐላቸው ላለማለፍ አጥሩን ዞሮ ሄደ።

ባልቴቷ መጀመሪያ ስለ በትሩ ጠየቁ፤ ወተት አምጪዋ ጓደኛዬ አስተረጎመች። ከየት አመጣኸው? ከአዟሪ ገዛሁት። የሴት መሆኑን አላወቅክም? አላወቅኩም። ማንን ጠየቅክ? ባለቤቴ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡ። ባልቴቷ ከእጄ ተቀበሉኝና ሽቦውን በጥርሳቸው ጭምር እየፈቱ ሐረጉን ገፈፉት። በነጠላቸው ጠረጉት። የሲንቄው ጌታ የሆነችውን ሴት ወይም ልጆቿን እስኪያገኙ እሳቸው ዘንድ ይቆያል አሉ። ከዚያ በበትራቸው ሳይሆን በአገጫቸው ወደ ደጁ አመለከቱ።

ባለቤቴ ኮታቸውን አውልቀው ዕቃውን ማንሳት ጀመሩ። ቆቡን፣ ኮርቻውን፣ ጮጮውን። ፖፖውን ሲያነሱ ከሥሩ ቅማል የሚያህሉ ነጫጭ ትሎች ተርመሰመሱ፤ እሳቸውም ፊታቸውን አዞሩ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ያየሁትን ያዩት። ጎማውን ሲያጋድሉ ውሃው ከነአይጡ ሱሪያቸው ላይ ተደፋ። ሴቶቹ አልሳቁም። እኔ ልስቅ ፈልጌ ተመልሼ አስታወኩ። ሁሉም ገደል ተጣለ። ቦታው ላይ የፈላ ውሃ ደፋሁ፣ አመድ ነሰነስኩ፤ ጎማው የነበረበት ጥቁር ክብ ግን አልለቀቀም።

መጨረሻ ላይ ባለቤቴ እርጥብ ሳር በሁለት እጃቸው ይዘው እንዲቆሙ ተደረገ። «ጥፋቴ ነው» አሉ። ለባልቴቷ መሰለኝ። ጓደኛዬ፣ «ለሚስትህ» አለቻቸው። ወደኔ ዞሩ። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ኖረን ያን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ጥፋቴ ነው።»

«እሺ» አልኩ። ሱሪያቸው ይሸታል።

ሴቶቹ ገና ሳይነሱ ልጄ ደረሰች። ቦርሳዋን ይዛ፣ ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ። ደጁን ሞልተው መሬት የተቀመጡ ሴቶች ስታይ መንገዱ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

«እማዬ! ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም» አልኳት። «ማንም አልሞተም፣ ነይ ግቢ።»

ባልቴቷ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉላት፤ ሴቶቹ ለሁለት ተከፍለው መንገድ ሰጧት። እርጥቡን ሳር ሆዷ ላይ አሳርፈው የማላውቀውን ምርቃት መረቋት። ልጄ ግራ ገብቷት ታየኛለች። «አሜን በይ» አልኳት። አሜን አለች።

በሦስተኛው ሳምንት ሴት ልጅ ወለደች። ምላጩን ራሴ ቀቀልኩ፤ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። በሰባተኛው ቀን ከማለዳ ጀምሮ በሩ ላይ ተቀምጬ ሰው መለስኩ። ዘመድ መለስኩ። ጫማው ጭቃ የነካውን፣ የሚያስለውን፣ ዓይኑ የቀላውን። ሁሉም ሰው ቆሻሻ መሰለኝ። ወተት አምጪዋ ጓደኛዬን ብቻ አስገባኋት፤ እሷም ሳልነግራት እጇን ታጥባ ገባች።

በስምንተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ሕፃኗ ጮኸች። ቤቱን የሚሰነጥቅ ጩኸት ነው። ባለቤቴ ከሳሎን ደንግጠው፣ «ምን ሆነች? ምን ሆነች?» አሉ።

«ምንም አልሆነች» አልኳቸው። «ርቧት ነው።»